ከአባቴ ስም ቀጥሎ

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው የተውኩት። እንዲህም ሆኖ በማኅበራችን ውስጥ ሳይንተባተብ የሚያነብ እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ። የማኅበሩ ቄስ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የአባላቱን ስም የያዘውን ደብተር ለኔ ሰጡኝ። ቆሰበር ከተማ ባጃጅ ስነዳ፣ ለቤንዚን ስሰለፍ እውልና በየወሩ በማርያም ቀን ወገቤ ተቆርጦ ወደ መንደራችን ወደ ዘንገና እሄዳለሁ። ሄጄ የክርስትና ስም አነባለሁ።

የማኅበራችን ወግ እንዲህ ነው። ዳቦው ሳይቆረስ የሁሉም ስም ይጠራል። በሕይወት ላለው ሁሉም "ተመስገን!" ይላል፤ እሱን የሰጠን አምላክ ተመስገን ማለት ነው። ለሞተው "ነፍስ ይማር" ይባላል፤ የሞተ ሰው ስም አይሰረዝም። ተመስገኑ ታዲያ በደስታ ነው መባል ያለበት። ፊቱን አኮሳትሮ የሚል ካለ ቄሱ "ኧረ ተው፣ ግብር እየከፈልክ ነው እንዴ?" ይሉታል።

እኔ ደስታውን ከየት ላምጣው? ማኅበሩን የወረስኩት ከአባቴ ነው፤ አባቴ ሲሞት። በደብተሩ ላይ ከአባቴ ስም ቀጥሎ ያለው የጎረቤታችን የሽማግሌው ስም ነው። እኚህ ሰውዬ ድንበራችን ላይ ዲከረንስ ተከሉ። ለከሰል ጥሩ ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል። ጥላው ግን የሚውለው የኛ ድንች ላይ ነው። አባቴ "ኧረ ወዳጄ፣ ትንሽ እንኳ ወደ ውስጥ ገባ አድርገው" እያለ ለመነ። እሳቸው "ዛፍ ደግሞ ወዴት ይገባል?" ብለው ሳቁ። አባቴ በዚያው ዓመት ሞተ። ጥላ ሰው አይገድልም፤ አውቃለሁ። ግን ያንን ጥላ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል።

ስለዚህ ስማቸውን ዘለልኩት። በመጀመሪያው ወር ጣቴን ስማቸው ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ። በሁለተኛው አልቆየሁም። በሦስተኛው እንዲያውም ጉድጓድ እንደምዘል ፈጠን ብዬ አለፍኩት። ሰዉ ዓይኑ ዳቦው ላይ ነው፣ ማን ይሰማል ብዬ።

በአራተኛው ወር ባጃጄን የማኅበሩ ቤት አጥር ሥር ሳቆም ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ።

"አንተ ልጅ፣ ለምንድን ነው የምትዘለኝ?"

"መቼ ዘለልኩዎት አባባ?"

"ፊደል ባላውቅ መቁጠር አላውቅም? እኔና አባትህ ማኅበር የገባነው ባንድ ቀን ነው። ለሱ ነፍስ ይማር ብዬ አፌን ሳልዘጋ የኔ ነው የሚመጣው። ሦስት ወር ሙሉ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።"

"ዝንብ አልገባብዎትም?" አልኩ። ምላሴ መቼ ያርፋል።

አልሳቁም፤ አልተቆጡምም።

"ሰኞ ባሕር ዳር ሆዴን ሊከፍቱኝ ነው። ሐኪሙም ያው እግዜር ያውቃል ነው ያለኝ። ስሜ ሳይጠራ ቢላ ሥር መተኛት ፈራሁ። ጥላኝ፣ መብትህ ነው። ግን ጥራኝ።"

"ዛፉስ?"

"ዛፉን አሁን ተወው። ያንተ ስም ሲደርስ ጮክ ብዬ ተመስገን የምለው እኔ ነኝ። አልሰማህም?"

ሰምቻለሁ። ስሜን ባነበብኩ ቁጥር ከኋላ የሚመጣ የተሰነጠቀ ድምፅ አለ። ቀና ብዬ ማን እንደሆነ አይቼ አላውቅም ነበር።

የዚያን ቀን ጠራኋቸው። ደስታ የለ፣ ምን የለ፤ ደክሞኝ ነበር። ቄሱ "ተሳፋሪ እየጠራህ ነው እንዴ? ደገም አድርገው" አሉኝ። ደገምኩት። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ጠፋ። መንገዱም ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ከዳንግላ የመጣ ሹፌር ባገኘሁ ቁጥር "ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ጭነሃል?" እላለሁ።

"ምነው፣ ሰው ሞቶብሃል?" አለኝ አንዱ።

እኔ ምን አውቄ።

የማርያም ቀን ደረሰ። አባቴን ጠራሁ፤ ነፍስ ይማር ተባለ። ቀጥሎ የሽማግሌውን ስም ጠራሁና ቆምኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ምን ይበሉ? ሰውየው በሕይወት ካሉ ነፍስ ይማር ማለት ሟርት ነው። ሞተው ከሆነ ደግሞ ተመስገን እንዴት ይባላል? ባለቤታቸው በሩ አጠገብ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ተቀምጠዋል። 

"ተመስገን!" አልኩ፣ ለብቻዬ። አንባቢ መልስ አይልም፤ ወጉ አይደለም። ድምፄ ሲወጣ እንደሳቸው ተሰነጠቀ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ተከተለኝ።

ከአሥር ቀን በኋላ ከሚኒባስ ሲወርዱ አየኋቸው። ከስተው ኮቱ ሰፍቷቸዋል። ደግፌ ባጃጄ ውስጥ አስገባኋቸው።

"ዘለልከኝ?" አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ።

"አልዘለልኩም።"

"ታዲያ ምን ተባለልኝ?"

"ተመስገን።"

"ሳታውቁ?"

"ሳናውቅ።"

ኮታቸውን ሰብስበው ሆዳቸውን ያዙ። "ቀስ ብለህ ንዳ፣ ስፌቱ ገና ነው" አሉኝ።

ድንበራችን ጋ ስንደርስ ጥላው እንደ ልማዱ ድንቹ ላይ ተኝቷል። እሳቸውም አዩት፣ እኔም አየሁት። አንጀቴ ዛሬም ይቃጠላል። ፍጥነቱን ግን ቀነስኩ።