የፋሲካው በግ አንጀት

የኔ ሥራ ፍለጋ ነው። ከጤፍ ፍሬ የምታንስ፣ መድኃኒት እንድትሸከም የተሠራች ቅንጣት በማግኔት እየነዳሁ፣ የት እንደደረሰች በአልትራሳውንድ እከታተላለሁ። ሐሳቡ አንድ ቀን ሰው ሆድ ገብታ መድኃኒቱን የካንሰር ዕጢው ላይ ብቻ እንድታራግፍ ነው። አንድ ቀን! ጎንደር ያለው የእኛ ክፍል ግን ገና ከበግ አንጀት አልወጣም። እሱንም የምናገኘው ከሥጋ ቤት ስለሆነ፣ ዓቢይ ጾም ገብቶ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ምርምራችንም አብሮ ይጾማል።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸው የሰሙት ግን አለቃዬን ነው። አለቃዬ በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ከረባቱን አስተካክሎ፣ "ያለ ቢላ የምንታከምበት ጊዜ ደጃፋችን ላይ ነው" አለ። የማን ደጃፍ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

አባቴ ቄስ ናቸው። በዚያው ሰሞን ትልቁ አንጀታቸው ላይ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሙ ቶሎ ተቆርጦ መውጣት አለበት፣ ከዚያ በኋላ ሰገራው ሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይወጣል አላቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

"ቆሻሻ በሆዴ አንጠልጥዬ መቅደስ አልገባም" አሉኝ ደጅ ስንወጣ። "ያንቺው ይሻለኛል፤ እሱን እጠብቃለሁ።"

"አባ፣ የኔው ገና ነው። ለእርስዎ አይደርስም።"

"ምነው ልጄ? አለቃሽ ደርሷል አላለም?"

ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፤ የንስሐ አባታቸውን ሳይቀር አስመጣሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። እየከሱና እየገረጡ ሁዳዴን በሙሉ ጾሙ። ሥራው ለምን እንደቆመ ሲጠይቁኝ፣ አንጀት ስለሌለ ነው አልኳቸው። "እንግዲያው ጾሙ እስኪፈታ ነው" አሉ፣ ደስ ብሏቸው። ደሜ ፈላ።

የፋሲካ ዕለት ወንድሜ ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ያመጣውን በግ አረደ። አንጀቱን ለውሻ ሊጥል ሲል አባቴ ከአልጋቸው ተነሥተው ጮኹበት። ጎንበስ ብለው፣ እያቃሰቱ፣ ራሳቸው አጠቡት።

"ሸጋ አንጀት ነው፤ ያዥው" ብለው በባልዲ ሰጡኝ። በማግስቱ ያን ባልዲ ታቅፌ ባጃጅ ውስጥ ስገባ አለቃዬን ብቻ ሳይሆን ሥራዬንም ጠላሁት።

ክፍላችን ደርሼ አንጀቱ ውስጥ ስከታት፣ ቅንጣቷ መግቢያው ላይ ጥርት ብላ ታየች። ትንሽ እንደሄደች አየር የታመቀበት ቦታ ደረሰች፤ አልትራሳውንድ አየርን አልፎ ስለማያይ ጠፋች። ማግኔቱን ባዞር፣ መመርመሪያውን ባንቀሳቅስ፣ የለችም። አለቃዬ ቪዲዮውን አይቶ፣ "የጠፋችበትን ቆርጠሽ አውጪና ቀሪውን ላኪልኝ፤ ለስብሰባ ይሆናል" አለኝ። ሙሉውን ስልኬ ላይ ጭኜ ወጣሁ።

በነጋታው ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ ከበዓሉ በፊት የተነሡትን ሲቲ ስካን እያሳየ፣ ዕጢው ወደ ጉበታቸው ተሠራጭቷል፣ ከእንግዲህ ቀዶ ጥገና አይጠቅማቸውም አለኝ።

ቤት ስገባ አባቴ ቀድመው ስለ በጉ አንጀት ጠየቁኝ። ቪዲዮውን ሳልቆርጥ ሙሉውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቅንጣቷን በጣታቸው ተከተሏት። ስትጠፋ ጣታቸው እዚያው ቆመ።

"ወዴት ሄደች?"

"አላውቅም፣ አባ። አትታይም።"

 ስልኩን መለሱልኝ።

"በቃ፣ ሐኪሙን ጥሪልኝ" አሉ። "ይቁረጠኝ። መቅደሱ ቢቀርብኝም ከደጅ ቆሜ አስቀድሳለሁ።"