ጸሐፊው … አለ

እትዬ ማኅተም ከሞተ ወንድሟ ጋር ቢሮ ትጋራለች፣ አሉ። ጠዋት የመንደሩ ጽሕፈት ቤት ከመከፈቱ በፊት በሩን ከውስጥ ትቀረቅርና «ጸሐፊው!» ብላ ትጣራለች፤ ትንሽ ዝም ይባላል፤ ከዚያ ከመዝገቦቹ መደርደሪያ በኩል ወፈር ያለ ድምፅ «አለ» ብሎ ይመልስላታል፣ አሉ። መጀመሪያ የሰማችው ቧንቧው ዘንድ ወረፋ ይዛ የነበረችው የአናጢው ሚስት ናት። እሷ ለአንዷ ነገረች፣ አንዷ ለሁሉም። ወሬው እኔ ዘንድ ሲደርስ ሟቹ ሻይ ይጠጣል፣ ስኳር ግን ትቷል ይባል ነበር።

«አሉ» በመንደራችን ትልቁ ባለሥልጣን ነው። ቢሮ የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ ሁሉም ይታዘዘዋል። እኔም ጫማ ጠጋኝ እንደመሆኔ ያደግኩት በእሱ ነው፤ ሰው ጫማውን አውልቆ ሲቀመጥ አፉንም አብሮ ይፈታል። ይህችን ወሬ ግን ማረም ያለብኝ እኔ ነኝ። ለምን እኔ እንደሆንኩ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

ሟቹ አይመልስም። ሁለቱም ድምፆች የእሷ ናቸው። አንድ ጠዋት የጠገንኩላትን ጫማ ላደርስ ሄጄ በመስኮቱ አየኋት። ቆማለች። ከፊቷ ጠርዙ የተበላ የቃለ ጉባኤ ደብተር ተዘርግቷል። «ጸሐፊው» ትላለች። ጣቷን በመስመሩ ላይ ቀስ አድርጋ ትጎትታለች፤ መስመሩ ባዶ ነው። ጫፉ ላይ ስትደርስ «አለ» ትላለች። አንዴ ታላላዋለች፣ አንዴ ታጠብቀዋለች። ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው። ሲጠብቅ «ይኖራል» ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ ያለው በአንባቢው ምላስ ላይ ብቻ ነው።

ጫማዋን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ኮቴዬን አጥፍቼ ተመለስኩ።

እትዬ ማኅተም የተባለችው ያው በማኅተሙ ነው። መኖሪያ ማስረጃ ቢሆን፣ የአጥር ጠብ ቢሆን፣ ጠፍቶ የተገኘ ፍየል ቢሆን፣ ማኅተሙን ወደ አፏ አስጠግታ «ሃ» ትልበታለች፤ የቀለሙ ስፖንጅ ከደረቀ ቆይቷል፣ አዲስ እንዲላክ የጻፈችው ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ራሱ በደረቀ ማኅተም ሄዷል። ከዚያ ጧ! ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ወረፋ ላይ ያሉት አብረው ይደነግጣሉ። ሰው ስታስተናግድ አትቆጣም፣ አትስቅም። «ስምህ?» ትላለች ከልጅነቷ የምታውቀውን ጎረቤቷን። «አንቺ ደግሞ! የዛሬ ሳምንት እናትሽን አብረን አልጠየቅንም?» ቢላት፣ «እኔ አውቅሃለሁ፤ መዝገቡ አያውቅህም» ትለዋለች።

ከእሷ በፊት ጸሐፊው ታላቅ ወንድሟ ነበር። ወንድም ጋሼ ነበር የምትለው፤ ያሳደጋትም እሱ ነው። ያኔ እሷ የዚያው ጽሕፈት ቤት ጽዳት ነበረች። ሰውየው የእጅ ጽሑፉ የሚያምር፣ ፍጥነቱ ግን የኤሊ ነበር። ስብሰባ ላይ ሰው ተናግሮ፣ ተከራክሮ፣ ታርቆ ሲጨርስ እሱ ገና የመጀመሪያውን ስድብ ይጽፋል። ስለዚህ የራሱን ዘዴ ፈጠረ። አንድ ሰው ለመናገር እጁን ሲያወጣ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ተናጋሪውን፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ «አሉ»ን ቀድሞ ያሰፍራል። መሃሉን ባዶ ይተወዋል። ተናጋሪው ጨርሶ ጉሮሮውን ሲጠርግ ነገሩን አሳጥሮ መሃል ላይ ይሞላዋል። «ሊቀመንበሩ … አሉ።» «አናጢው … አሉ።» እኔን ጫማ ጠጋኙን ሳይቀር «አሉ» ነበር የሚለኝ፤ እናቴ እንኳን እንዲህ አክብራኝ አታውቅም። ለራሱ ብቻ «አለ» ይል ነበር። መምህሩ አንድ ቀን «ራስህን ለምን ታሳንሳለህ?» ብሎ ጠየቀው።

«‹ሉ› እግር አላት፤ ቀለም ትፈጃለች» አለው።

የዛሬ አስራ አንድ ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። ከጸሐፊው ሌላ አስራ አንድ ነበርን። ሦስተኛው አጀንዳ የውሃ መለኪያው ነበር። ወንዙ መሻገሪያ አጠገብ ቁጥር የተጻፈበት ምሰሶ አለ፤ በየሳምንቱ ውሃው የደረሰበት ቁጥር ተነቦ ለበላይ መሥሪያ ቤት ይላካል። ሌሎች መንደሮች ቁጥሩን ኮርኒስ አይተው ነው የሚሞሉት ይባላል። የእኛ ጸሐፊ ግን ያላየውን አይጽፍም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በመዝነቡ ሪፖርት አልሄደም፤ ለሊቀመንበሩም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷቸዋል።

ከዚያ ስብሰባ ተነስቶ ወደ ወንዙ ሄደ። አልተመለሰም። ሰባት ቀን ፈለግነው። ጃንጥላውን ከቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘን፤ ዘርግቶት ነበር የሄደው፣ እንደተዘረጋ ነው ያገኘነው። ሌላ ምንም የለም። በዚያችው ሐሙስ ሊቀመንበሩ ሪፖርቱን በራሳቸው እጅ ሞልተው ልከውታል፦ ሁለት ሜትር ከአርባ። ቁጥሩን ማን እንዳነበበው የጠየቀ የለም። እስከ ዛሬም አልተጠየቀም።

ደብተሩ ላይ የመጨረሻው መስመር እንዲህ ነው፦ መጀመሪያው ላይ «ጸሐፊው»፣ መጨረሻው ላይ «አለ»፣ መሃሉ ባዶ።

መዝገቦቹ የት እንደተቀመጡ የምታውቀው እሷ ብቻ ስለነበረች መጥረጊያውን አስቀምጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። መጻፍ የምታውቀው በግድ ነበር። የሱን ደብተሮች እየገለበጠች እጇን አሠለጠነች፤ «ሀ»ዋ የሱ «ሀ» ሆነች፣ «መ»ዋ የሱ «መ»። በሦስተኛው ዓመት አንድ ሽማግሌ የጠፋችው ፍየላቸው መገኘቷን የሚገልጽ ማስታወቂያ ደርሷቸው ፊደሉን ሲያዩ ወረቀቱን ጥለው ሮጡ። ፍየሏን የወሰደላቸው ልጃቸው ነው። እሳቸው «ከዚያኛው ዓለም የተጻፈልኝን ፍየል አላልብም» አሉ።

የነዋሪው መዝገብ ደግሞ በየዓመቱ በአዲስ ይገለበጣል። ከስም ፊት ለፊት ወይ «አለ» ወይ «የለም» ይጻፋል። በየዓመቱ የወንድሟ ስም ላይ ስትደርስ ሊቀመንበሩ ከኋላዋ ይቆማሉ።

«እህቴ፣ ይበቃል። ‹የለም› በይውና ይረፍ።»

«ያለውን ሳላውቅ ‹የለም› ብዬ አልጽፍም፣ ጋሼ።»

ይህን የሰማ ሰው የወንድሟን ሞት አልቀበል ያለች ይመስለዋል። አይደለም። መሞቱን ከማናችንም በፊት አውቃለች፤ ጃንጥላውን ከቁጥቋጦው ያወረደችው፣ ያጠፈችውም እሷ ናት። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ባዶ መስመር ላይ ምን ሊጽፍ ነበር? በዚያ ቀን መወልወያ ይዛ ከተዘጋው በር ውጪ ነበረች። የወንድሟን ድምፅ ሰማች፤ ቃሉ አልለይ አላት። ወዲያው የሁላችን ሳቅ ተሰማ። ከዚያ በሩ ተከፈተ፣ እሱ ጃንጥላውን አነሳ፣ አጠገቧ አለፈ። እያየችው ምንም አላላትም።

አንድ በአንድ ጠየቀችን። ሊቀመንበሩ «እሺ ብሎ ወጣ» አሏት። አናጢው «ደህና ዋሉ ነበር ያለው» አላት። መምህሩ «ስለ ቧንቧው ይመስለኛል» አላት። እኔን የጠየቀችኝ እግሯን እየለካሁ ሳለሁ ነበር። «ያኔ ጆሮዬን አሞኝ ነበር» አልኳት። በመንደሩ ውስጥ የሚወራ ነገር የማያመልጠው የእኔ ጆሮ፣ በዚያች ሐሙስ ብቻ ታመመ። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። ጫማዋን አጥልቃ ሄደች።

በስብሰባ ላይ እንዳትጠይቅ ደግሞ ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም፤ ይህን ደንብ ያወጡት ሊቀመንበሩ ናቸው፣ ከዚያች ሐሙስ በኋላ። ድምፅዋ የሚሰማው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ለማጽደቅ ስታነብ ብቻ ነው። ያን ገጽ ልታነብ በተነሳች ቁጥር ደግሞ ሊቀመንበሩ «ይህ ይቆየን» ይላሉ። አስራ አንድ ዓመት ቆየን።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ያለውን እኔ ሰምቻለሁ። እጁን አወጣ፣ «ጸሐፊው» ብሎ ጻፈ፣ መስመሩ ጫፍ ሄዶ «አለ» ብሎ ጻፈ፣ ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ተናገረ። «ወንዙ ሞልቷል። ዛሬ ከሄድኩ አልመለስም። ነገ ልሂድ» አለ። በቃ። በልመና አልነበረም፤ ፍየል ጠፋ እንደሚል ሰው ነበር የተናገረው። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፦ «ማኅተሙን ይዘህ ሂድና ወንዙ ላይ ምታበት፣ ይቆማል!» አልኩ። ያ ሳቅ የኔ ነው። ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሳቁ ሳይበርድ ሊቀመንበሩ «ዛሬ ይሂድ የምትሉ እጅ አውጡ» አሉ፤ እየሳቅን አወጣን። እሱም አየን፣ አንድ በአንድ፣ እንደሚቆጥር። መስመሩን ሳይሞላ ተነሳ። የሄደውም በነጠላ ጫማ ነው፤ ጫማው እኔ ዘንድ ነበር። «ነገ ይደርስልሃል» ብዬው ነበር። ደርሷል። አሁንም መደርደሪያዬ ላይ ነው። ደንበኛ «ይሄ የማነው?» ሲለኝ «ይመጣል» እላለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከበላይ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። የድሮ ቃለ ጉባኤዎችን ሰብስቦ ለማኅደር ሊወስድ ነው። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ግን አንዲት ፊርማ ጎድላ ከሆነ እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ነው። ደብተሮቹን ሲያገላብጥ ያችን ገጽ አገኘ።

«ይህ አልጸደቀም» አለ።

«የቆየ ነገር ነው ልጄ፣ ይለፍ» አሉት ሊቀመንበሩ።

«አያልፍም ጋሼ። በስብሰባው የነበሩት በተገኙበት ይነበብ፣ ይፈረም፣ ይዤው ልሂድ። አስር ደቂቃ አይፈጅም።»

ከአስራ አንዳችን ሁለቱ ሞተዋል፣ ሁለቱ ከመንደሩ ወጥተዋል። ሰባታችን ተጠራን። ያው ክፍል፣ ያው ጠረጴዛ፣ ያው የሚንቀጠቀጥ እግሩ። ተቆጣጣሪው የክፍሉን በር ሊዘጋ ሲነሳ እትዬ ማኅተም «ክፍት ይሁን» አለች። ክፍት ሆነ።

ማንበብ ጀመረች። አንደኛው አጀንዳ፣ የአጥሩ ጠብ። «አናጢው አጥሩ ሁለት ክንድ ወደ እኔ ገብቷል አሉ።» ሁለተኛው፣ የቧንቧው። «መምህሩ ወረፋው በተራ ይሁን አሉ።» ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ እኛም ጥቂት ተነፈስን። ሦስተኛው። «ሊቀመንበሩ ሪፖርቱ ዛሬ መድረስ አለበት አሉ።»

ከዚያ «ጸሐፊው» አለች።

ጣቷ ተንቀሳቀሰ። ወረቀቱ ሲፋቅ ይሰማ ነበር። መስመሩ አንድ ክንድ አይሞላም፤ እኔ ግን በዚያ ጣት ልክ ወንዙ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

«አጥብቂው እህቴ» አሉ ሊቀመንበሩ በሹክሹክታ። «አጥብቂውና እንፈርም።»

«ምኑ ነው የሚጠብቀው?» አለ ተቆጣጣሪው።

«‹አለ› የሚለው ነው» አለ መምህሩ ቶሎ ብሎ። «ተገኝቷል ለማለት ነው። ጸሐፊው በስብሰባው ላይ አለ፣ ተገኝቷል። ፊደል የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ጠብቆ ነው የሚነበበው።»

ተቆጣጣሪው ወደ እሷ ዞረ። ጣቷ መስመሩ ጫፍ ደርሷል።

«አለ» አለች። ላልቶ። ጨዋታ የሌለው፣ ምንም የማያሻማ፣ ተናገረ የሚለው «አለ»።

«ታዲያ ምን አለ?» አለ ተቆጣጣሪው። ልጁ ምን ያውቃል! ባዶውን ቦታ አይቶ ነው። «መሃሉ ካልተሞላ መፈረም አይቻልም።»

ሊቀመንበሩ ማኅተሙን አዩ። አናጢው ጣሪያውን ለካ። እኔ ወደ ታች አየሁ፤ ከጠረጴዛው ሥር ሰባት ጥንድ ጫማ ተደርድሯል፣ ሁሉም እኔ የጠገንኳቸው ናቸው፣ አንዱም አይንቀሳቀስም። ቀልድ ፈለግኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌ ውስጥ አንድም አላገኘሁም።

እትዬ ማኅተም ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደብተሩን አስተካከለች። እስክሪብቶውን ከፍታ ጫፉን ባዶው መጀመሪያ ላይ፣ «ጸሐፊው» ከሚለው ቀጥሎ አሳረፈችው፤ ልክ እሱ እንደሚይዘው ነው የያዘችው። ቀና ብላ ሰባታችንንም አንድ በአንድ አየችን፣ እንደሚቆጥር ሰው።

«ቀስ ብላችሁ ተናገሩ» አለችን። «ይህ እጅ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ዘገምተኛ ነው።»