በቀኝ በኩል ስንት ይቀረኛል?

ያን ለታ አፌን የያዘው የአባቴ ክብር ነበር ወይስ የገዛ ፍርሃቴ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ።

አባቴ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሲነዱ ነው ያረጁት። መንዳት ሲያቆሙ ለሰው ሁሉ፣ «ጉልበቴ ፍሬን አልረግጥ አለኝ» አሉ። ውሸት ነው። የዓይን ሐኪሙን ወረቀት ያነበብኩት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ስለሆነ ሳነብ አልዘልም፤ ያልገባኝን ቃል ሳልጠይቅ አላልፍም። ሐኪሙን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። የቀኝ ዓይናቸው ጠፍቷል። ግራው ፊት ለፊት ያለውን ብቻ፣ እሱንም አደብዝዞ ያያል። ስንወጣ ክንዴን ጨበጥ አድርገው፣ «ይኼ ነገር ባንቺና በኔ መሀል ይቅር» አሉኝ።

«እሺ አባባ» አልኩ።

በየወሩ ለክትትል ደብረ ብርሃን መመለስ ነበረብን። በመናኸሪያችን ደግሞ የትም ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ አሮጌ ሹፌር ከተሳፈረ ጋቢናው የሱ ነው። ያን ለታ የሚኒባሱ ሹፌር ቀድማ ጋቢና የገባች ቅቤ ነጋዴ አስወረደላቸው።

«እኔስ ሰው አይደለሁም?» አለች ቅሏን እንዳቀፈች።

«ነሽ እንጂ እናቴ። ግን አንቺን መንገድ ልጠይቅሽ ነው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። አባቴም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በኛ መንገድ፣ ጠባብ ቦታ ላይ መኪና ከመኪና ሲገናኝ በቀኝ ያለው ጠርዝ ለሹፌሩ አይታየውም። ጋቢና የተቀመጠው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ስንት እንደሚቀር ይነግረዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ሹፌሩ በግማሽ ልቡ ነው የሚሰማው። አባቴን ግን ማን ይጠራጠራል?

ሞላሌ ሳንደርስ፣ ክረምቱ ጠርዙን የበላው መታጠፊያ ላይ፣ አይሱዙ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለብን።

«ጋሼ፣ በቀኝ በኩል ስንት ይቀረኛል?»

አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርገው አንገታቸውን አወጡ። እኔ ልክ ከኋላቸው ነበርኩ። በመስኮቴ ወደ ታች ሳይ መሬት የለም፤ ጉም ብቻ ነው።

«ና! ና! ሙሉ ክንድ አለህ። ና እንጂ፣ ምን ያስፈራሃል?»

«አያዩም» የሚለው ቃል ጥርሴ ድረስ መጣ። አሥራ ሦስት ነበርን፤ ቆጥሬያለሁ። አንዷ ሕፃን አዝላለች። ዝም አልኩ።

የኋላው ጎማ ሸተት አለ። ድንጋይ ተፈንቅሎ ሲወርድ ሰማን፤ ሲያርፍ ግን አልሰማንም። ቅቤ ነጋዴዋ «እመ ብርሃን!» ብላ ጮኸች። ሹፌሩ ነዳጅ ረገጠና አለፍን።

«አላልኩህም?» አሉ አባቴ። የበሩን እጀታ ግን እስከ ሞላሌ አልለቀቁም።

ቤት ስንመለስ፣ «አባባ፣ በሚቀጥለው ወር ኋላ እንቀመጥ» አልኳቸው።

«ምን ሆንኩ ብዬ?»

«እንግዲያው አልጋ ይዘን ደብረ ብርሃን እንክረም።»

«በበቅሎ ጭነሽ ውሰጂኝ በያ! እኔን ኋላ ያስቀመጡኝ ቀን ተዝካሬን አውጪ።»

ወሩን ሙሉ የታዘለችው ሕፃን እግሮች ከዓይኔ አልጠፉም። ለሹፌሩ ልሰጠው ነገሩን በወረቀት ጻፍኩ፤ አረምኩት፣ ገለበጥኩት፣ እንደገና አረምኩት። ከዚያ ቀደድኩት።

የቀጠሮው ጠዋት መናኸሪያው ራሱ ጉም ለብሶ ነበር። አባቴ ጋቢና ገብተው ተቀምጠዋል። ያንኑ የዚያን ለታውን ሹፌር የኋላ ጎማ ሲነካካ አገኘሁት።

«ወንድሜ፣ አባቴን በቀኝ በኩል ስንት እንደሚቀር አትጠይቃቸው።»

«ምነው እህቴ? ተቀየሙኝ እንዴ?»

«አያዩም። መንዳት ያቆሙት በዓይናቸው ነው እንጂ በጉልበታቸው አይደለም።»

እጁ ጎማው ላይ ቀረ። «ያን ለታስ?»

«ያን ለታም አያዩም ነበር።»

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሊሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። «እኔኮ ሦስት ልጆች አሉኝ» አለ ቀስ ብሎ። እጁን በሱሪው ጠርጎ ሄዶ መሪውን ያዘ።

መታጠፊያው ላይ አውቶቡስ ሲመጣብን «ጋሼ» አላለም። እጅ ፍሬኑን ስቦ ወረደ፤ በመኪናው ፊት ዞሮ ጠርዙን በእግሩ ለካ። አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ይጠብቁ ነበር። ቆይተው ዘጉት።

«ነገርሽው» አሉ፣ ወደኔ ሳይዞሩ።

«አዎ አባባ።»