ከበሩ ውጭ የወጣው አግዳሚ

ያን ቀን መርሳ ላይ ደመና የሚባል አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ የቆላ ንፋስ ይነፍሳል፤ ከአስፋልቱ ዳር አቧራ እያነሳ የጠረግሁትን በረንዳ መልሶ ያለብሰዋል። እኔም ሰልችቶኝ መጥረጊያዬን እንደያዝሁ ቁጭ ብያለሁ። ጋሼ አብዱልሐሊም ብቻ ፎጣቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመው፣ በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ።

"እንግዳ መጣ!" አሉ፣ ደስ ብሏቸው። እንግዳ ሲመጣ ደስ የማይላቸው ቀን የለም። ውሃ የምቀዳው፣ የምጠርገው እኔ ነኝና እኔን ብዙም ደስ አይለኝም።

የምሠራበት ግቢ የማኅበር ነው። ጧሪ የሌላቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ አሳዳጊ ያጡ ልጆችንም ይረዳል። የሚታደለው ዱቄትና ዘይት ከኋላ ካለው መጋዘን ይቀመጣል። እኔ አጸዳለሁ፤ ልጆቹ ሲመጡ ምሳ እሠራለሁ። ጋሼ አብዱልሐሊም ጠባቂ ናቸው። በሩ ያን ጊዜ በሽቦ የሚታሰር አንድ ቆርቆሮ ነበር። አጥሩ ቁልቋል ነው፤ እሱም ፍየል እየሾለከበት ሳስቷል። ባለፈው ክረምት ሌቦች በዚያው ሾልከው ዘይቱን ጠራርገው ወሰዱት። ዱቄቱንና ዘይቱን የሚሰጡን ረጂዎችም "እንዲህ ከሆነ መጋዘኑን ወደ ወልድያ እናዛውራለን" አሉ። የኛ አሮጊቶች እንኳን ወልድያ፣ መርሳ ገበያም የሚደርሱት ሰው ደግፏቸው ነው።

የማኅበሩ ኃላፊ ሰላማዊት ትባላለች። አንድ ቀን ፊቷ በርቶ መጣች። መንግሥት እንደኛ ላሉ ማኅበራት ግቢያቸውን የሚያስጠብቁበት ድጋፍ ይሰጣል አለች፤ የግንብ አጥር፣ የብረት በር፣ መብራት። "ብቻ መጀመሪያ መጥተው ያያሉ" አለችን። መቼ እንደሚመጡ ለእሷም አልነገሯትም።

ንፋሱ ያመጣው እንግዳ ቦርሳ ያነገተ ጎልማሳ ነበር። ጋሼ ሽቦውን ፈቱለት።

"ግባ ልጄ፣ ግባ! ይህ ንፋስ ሰው ይበላል።"

በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ አስቀመጡት። ውሃ አቀረብሁ። እሳቸው ማንጎ ልጠው ሰጡት። በልቶ ሲጨርስ "መጸዳጃ ቤት የት ነው?" አለ። "ከመጋዘኑ ኋላ" ብለው በዱላቸው አመለከቱት። ብቻውን ሄደ። መጋዘኑ አየር እንዲያገኝ ተከፍቶ ነበርና ገብቶ ዞሮ አየው። ማንም ማን ነህ አላለውም። በኛ አገር እንግዳን ገና ሳይቀመጥ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ስሙን መጠየቅ "ለምን መጣህ?" እንደ ማለት ነው።

ሲመለስ "ስዩም እባላለሁ፤ ለድጋፉ ግቢውን ለማየት ከወልድያ ነው የመጣሁት" አለ።

"እሰይ! እንኳን ደህና መጣህ!" አሉ ጋሼ። "ማንጎ ልድገምህ?"

ስዩም ሳቁ መጣበት፤ ግን ዋጠው። ሰላማዊትን ጠርቶ "እህቴ፣ ሌባ ብሆን ኖሮ ዱቄቱንም ጭኜ፣ ማንጎም ተጋብዤ እሄድ ነበር" አላት። "ግንብ ብንገነባላችሁ በሩን የሚከፍቱት እኚህ አባት ናቸው። ወይ ሰው ከመግባቱ በፊት ማን እንደሆነ ይጠይቁ፣ ወይ ሌላ ጠባቂ ቅጠሩ። ሌላ ሰው እልካለሁ፤ እሱ ዝም ብሎ ከገባ ድጋፉን እርሱት።"

ጋሼ የውርጌሳ ሰው ናቸው። ማሽላ ያርሱ ነበር፤ ቤታቸው ከመንገዱ ዳር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሰው በዚያ መንገድ ሲሸሽ፣ ከባለቤታቸው ከሁሪያ ጋር ሆነው ያላቸውን ላለፈ ላገደመው አበሉ። እስላም ነህ ክርስቲያን አላሉም፤ ከየት ነህም አላሉም። በኋላ ሁሪያ ታማ መድኃኒት ጠፍቶ ሞተች። ቤቱም ፈረሰ። ጋሼ ዱላቸውንና የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው መርሳ መጡ። ሰላማዊት ከተረጂዎቹ ጋር ልታስገባቸው ስትል "እጄ ደህና ነው ልጄ፤ ሠርቼ ልብላ" አሏት። ያ በር ከዚያ ወዲያ ቤታቸው ነው። ከእሱ ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም።

ስዩም እንደ ሄደ ሰላማዊት አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ማን ነህ፣ ከየት ነህ ማለት ምን ይከብዳል?"

"ተቀምጦ ውሃ ከጠጣማ ማን ነህ ብቻ? የአያቱን ስም ሳይቀር እጠይቀዋለሁ። እንደ ቆመ ግን አልጠይቅም። ሁሪያ ብትሰማ ምን ትለኛለች?"

"እንግዲያው አሮጊቶቹ ወልድያ ይሂዱ?"

 ጋሼ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

"የለም። እነሱ ከሚሄዱ እኔ ልሂድ። የሚጠይቅ ሰው ቅጠሪ።"

ሰላማዊት ልታለቅስ ደረሰች። እኔ የማንጎውን ልጣጭ እየለቀምሁ ነበር። ወገቤን አሞኛል፤ ሁለቱም ሰልችተውኛል።

"አግዳሚውን ወደ ውጭ ለምን አታወጡትም?" አልሁ። "እንግዳው ከበሩ ውጭ ይቀመጥ፣ ውጭ ይጠጣ፣ ውጭ ይጠየቅ። እኔም ከዚህ በረንዳ ልረፍ።"

እውነቱን ለመናገር ያሰብሁት ስለ በረንዳዬ ነው። ሰላማዊት ግን ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሁለታችንም ጋሼን አየን። ጢማቸውን ዳሰሱ።

"ፀሐይ ላይ?"

"ጥላ እንሠራለን ጋሼ" አለች ሰላማዊት።

"ጥላ ካለውማ ነውር የለበትም" አሉና ዱላቸውን አነሱ። በማግስቱ እንጨት ተክለው፣ አገዳ ከድነው ጥላውን ሠሩት።

ከዚያ በኋላ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ አግዳሚው ላይ ይቀመጥ ጀመር። አንድ ቀን አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ ከባጃጅ ወረደች።

"ነይ ልጄ፣ ከጥላው አረፍ በይ። ኢሕሳን፣ ውሃ!" ብለው ጠሩኝ። "ደህና ነሽ? እናትሽ ደህና ናቸው? አገሩ ሰላም ነው?"

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወደ ውስጥ ልግባና..."

"ትገቢያለሽ። መጀመሪያ ጠጭ። ከወዴት ነሽ?"

"ከሲሪንቃ።"

"ሲሪንቃማ እህቴ አለች! የማን ልጅ ነሽ?"

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። "የ... የብርሃኔ።"

"የትኛው ብርሃኔ? ሹፌሩ ወይስ ከወንዙ ማዶ ያለው?"

"ከወንዙ ማዶ ያለው።"

"እሱማ ሁሉም ወንድ ነው የወለደው!" አሉ ጋሼ፣ ከልባቸው ተጨንቀው። "መቼ ሴት ወለደ? ምነው ሳይነግሩኝ? ኢሕሳን፣ ውሃ ጨምሪላት።"

ልጅቷ "መጸዳጃ ቤት ልጠቀም" አለች። "ኢሕሳን ታደርስሻለች፤ ቦርሳሽን እኔ እይዝልሻለሁ፤ ምን ያደክምሻል?" አሏት። ይሄኔ መነጽሯን አወለቀችና ሳቀች።

"አባባ ይቅር ይበሉኝ። ሳራ እባላለሁ፤ የወልድያ ልጅ ነኝ። ስዩም ነው የላከኝ።"

"አብሽሪ" አሉ ጋሼ። "ለብርሃኔም ቢሆን ሴት ልጅ ተመኝተንለታል።"

እዚያው አግዳሚው ላይ ሆና ስልክ ደወለች። "አለሁ፣ ከበሩ ላይ ነኝ" አለች። "ውሃ ጠጥቼ ጠግቤያለሁ። ግቢውን ግን ገና አላየሁትም።"

ድጋፉ ተፈቀደ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲባል ሰምቼ ሲሆን አላየሁም ነበርና፣ ድንጋዩ መጥቶ እስኪራገፍ አላመንሁም። አሁን ግንቡ ቆሟል፤ የብረት በሩ ተገጥሟል፤ አምፖሉም ይበራል። ዱቄቱ መርሳ ቀረ። ግንበኞቹ አግዳሚውንም በሲሚንቶ ሠርተው ቆርቆሮ አለበሱት። በረንዳዬ ግን አሁንም ይቆሽሻል፤ አቧራ በር አያግደውም።

ጋሼ አብዱልሐሊም አሁንም መርሳ፣ የማኅበራችን ጠባቂ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከብረት በሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የሚመጣውን ሰው ይጠብቃሉ።