የልብስ ሰፊው ልጅ ቤተ ክርስቲያን

"ቀጭ" የሚል ድምፅ ነው ያነቃኝ። ምሳ በልቼ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ዐይኔን ከደን አድርጌ ነበር፤ አንኮራፍተሃል ይሉኛል፣ ስሜን ለማጥፋት ነው። የልጄ ልጅ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የፕላስቲክ ጡቦቿን ትገጣጥማለች። ከፊቷ የእናቷን ስልክ ግድግዳ አስደግፋ አቁማዋለች።

"አባባ፣ ይሄን ይዩልኝ" ብላ ስልኩን አቀበለችኝ።

መነጽሬን ስፈልግ ቆይቼ፣ ግንባሬ ላይ አግኝቼው፣ አየሁ። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ከዚያው ከመጫወቻ ጡብ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ከራሳቸው ልብ እያወጡ የሠሩት ነው፤ መርከብ ከነሸራው፣ ክንፉን የዘረጋ ንስር፣ ክዳኑ የተከፈተ ፒያኖ፣ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ከሥሩ ካለው አግዳሚ ወንበር ጋር።

"ልጆች ናቸው የሠሩት?"

"ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ አባባ። ስለሚወዱት ነው።"

እንዴት ያምራል ልል አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን "ሚስት የላቸውም እንዴ?" የሚል ነው። ልጅቷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን ነፋ። ከዚያ ሁለት ጡብ አንሥታ ቀጭ ስታደርጋቸው፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሶፋ ላይ እንደተጋደምሁ ጆሮዬ በሀፍረት ጋለ።

ነገሩ የቆየ ነው። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ እንደዚህ ያለ ጡብ አንድ ሣጥን ሙሉ ነበረ። አንድ ፈረንጅ አስተማሪ አገሩ ሲገባ ትቶልን የሄደው ነው። ሣጥኑ ሲከፈት እንደ አዲስ የጎማ ጫማ ይሸት ነበር። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቂት ቢጫ፤ አናታቸው ላይ ጉጥ ጉጥ ያለባቸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሲጫን የሚነካከሱ። ጭቃና አገዳ ለለመደ እጅ ተአምር ነበር። ሣጥኑ አንድ፣ ክፍሉ ብዙ ስለሆነ ዳይሬክተሩ ተራ አወጡ፤ አንዱ ክፍል ሠርቶ፣ ታይቶለት፣ አፍርሶ፣ ጡቡን ሣጥን ውስጥ መልሶ ለቀጣዩ ያስረክባል። እኛ ሰባተኞች ከስምንተኞች ቀጥሎ ነበርን። እኔማ ምን እንደምሠራ ተራው ሳይደርስ አውቄ ጨርሻለሁ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ሉማሜ ላይ ሻይ አጠጥቶ፣ አመሻሹ ላይ አቧራ ለብሶ ከተማችን የሚገባውን አውቶብስ። በሩ የሚከፈት፣ ጎማው የሚዞር። አስተማሪ ሲያስተምር እጄ ዴስኩ ሥር ይገጣጥም ነበር።

ያን ጊዜ እኔ የክፍሉ ቀልደኛ ነኝ። የአስተማሪ አረማመድ አስመስላለሁ፤ ከገጠር የመጣ ልጅ ወደ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዞሮ ሲያማትብ ካየሁ "አይዞህ፣ ታይቶልሃል" እላለሁ። ሳይንስ የተማርሁ ነኛ! የእናቴ ወንድም የሰጠኝን ኮፍያ አዘንብዬ ደፍቼ፣ መስታወት ባገኝ ለራሴም እጅ የምነሣ ዓይነት ሰው ነበርሁ።

የስምንተኞችን ሥራ የመራችው ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ገበያው ዳር በእግር መኪና የሚሰፋ የልብስ ሰፊ ልጅ። ሌሎቹ ፎቅ እንሥራ ሲሉ እሷ ቤተ ክርስቲያን አለች። ተሳቀባት።

"ጡቡ አራት ማዕዘን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ክብ። በምን ልትከቢው ነው?"

እኔም ተራዬ ሳይሆን በመስኮት አንገቴን አስግጌ "በጥርሷ ትከረክመው ይሆናል" አልሁ።

ቀና አላለችም። "አባዬ ኮሌታ ሲያዞር አጥብቆ አይዝም፤ ላላ እያደረገ ነው" አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። ከዚያም ጡቡን ከጡብ በአንዲት ጉጥ ብቻ እያያዘች፣ እያንዳንዱን ከፊተኛው ጥቂት ዘወር እያደረገች ደረደረችው። ሲደረደር ሲደረደር ዞረና የመጨረሻው ጡብ የመጀመሪያውን አገኘው። ቀጭ። እኔ መስኮቱ ላይ ቀልድ ረስቼ ቀረሁ። ለጊዜው ነው፤ ወዲያው ታወሰኝ።

ቀን በቀን አደገ። በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ፣ በዚያ ውስጥ መቅደሱ። ጣራው እየጠበበ ወደ ላይ ሄዶ ነጭ ጉልላት ላይ አለቀ። መስኮቶቹን ከውስጥ በቢጫ የከረሜላ ወረቀት ሸፈነቻቸው። በግቢው ዙሪያ የጥድ ጫፍ እየቆረጠች ተከለች። መስቀል ግን አላደረገችበትም፤ "መስቀል ከተደረገበትማ ጨዋታነቱ ይቀራል" አለች። መቅደሱ ውስጥ ምን እንዳስቀመጠች የጠየቃት ልጅ፣ "አንተ ቄስ ነህ?" ተብሎ ተመለሰ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ጠዋት፣ እንግዳ ሳይገባ፣ እኔና አንድ ጓደኛዬ አግዳሚ ወንበር ተሸክመን ወደዚያ ክፍል ገባን። የኋሊት ነበር የገባሁት። ወንበሩን አስቀምጬ ዞር ስል፣ የጠዋት ፀሐይ ከወዲያ ማዶ ገብታ ቢጫዎቹን መስኮቶች አብርታቸዋለች። ጥዱ ይሸታል። ከዚያ የሆነውን እጄና ወገቤ ናቸው የሚያውቁት። ኮፍያዬን አወለቅሁ። አማተብሁ። ጎንበስ ብዬ የጠረጴዛውን ጠርዝ ሳምሁ፤ ከንፈሬ ላይ የጠመኔ ብናኝ ቀረ።

ቀና ስል ክፍሉ ሙሉ ስምንተኛ ክፍል ያየኛል። ከዚያ ጣራው እስኪነሣ ሳቁ።

ይህን ሳስታውስ እንኳ ሶፋው ላይ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ነበር። የልጄ ልጅ "ምን ሆኑ፣ አባባ?" አለችኝ። ፀሐይዋ ዐይኔ ውስጥ ገባች አልኋት። ደመና ነበር።

በዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል ያልሳቀችው የልብስ ሰፊው ልጅ ብቻ ናት። ትክ ብላ አየችኝ።

ወላጆች መጡ፣ አዩ፣ አደነቁ። የእሷ አባት ብቻ አልመጣም። የሠርግ ልብስ ይዞት ነበር፤ እሱን ሲጨርስ መጥቶ ሊያይላት ቃል ገብቷል።

በማግሥቱ ዳይሬክተሩ "በሉ አፍርሱትና ሣጥኑን ለሰባተኞች አስረክቡ" አሉ። ስምንተኞች እርስ በርሳቸው ተያዩ። "ሰው ከተሳለመው በኋላማ እኔ እጄን አላነሣበትም" አለ አንዱ። የቀሩትም እንደዚያው። ዘበኛው ተጠራ። ሽማግሌው ዘበኛ በትሩን ተደግፎ ሲመለከት ቆየና፣ "እርስዎ ይጀምሩት፣ ጌታዬ፤ እኔ እከተልዎታለሁ" አለ። ዳይሬክተሩ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጉልላቱ ጋ ሲደርሱ ስብሰባ እንዳለባቸው ትዝ አላቸው።

በመጨረሻ የግብረ ገብ አስተማሪያችን፣ ቄሱ፣ መጡ። ዙሪያውን ዞረው አዩት። "ታቦት የለው፣ ሜሮን አልነካው፤ ምን ሆናችኋል? መጫወቻ ነው፤ ይፍረስ" ብለው ፈረዱ።

"እንግዲያውስ አባታችን ይጀምሩልን" አሏቸው።

"እኔ የተጠየቅሁትን መለስሁ፤ ጡብ ልቀም አላላችሁኝም" ብለው ወጡ።

እንዲህ ሆኖ ሣጥኑ ባዶውን ከረመ። ልጅቷ ምንም አትናገር እንጂ ደስ እንዳላት ታስታውቅ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቆሞ በዋለ ቁጥር የአባቷ መምጫ ይቀርባል። እኛ ክፍል ግን ሁሉም ዐይኑን እኔ ላይ ጣለ። ፈተና እየደረሰ ነው፤ ከዚያ ክረምት ነው፤ ተራችን ሊያመልጠን ነው። "አንተ ባትሳለም ኖሮ ዛሬ እየሠራን ነበር" ይሉኛል። ስሜም ተሳላሚው ሆነ። "ተሳላሚው፣ ዛሬ ቅዳሴ ስንት ሰዓት ይወጣል?" የወፍጮ ቤት ደጃፍ ሳልፍ እንኳ "እዚህስ አትሳለምም?" ይባላል። ሰው ላይ የወረወርሁት ሁሉ ተሰብስቦ ተመለሰልኝ። ማታ አውቶብሴን እያሰብሁ፣ ጠዋት ስድቤን እየፈራሁ ከረምሁ።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብዬ ውሃ ስጠጣ መጣች። ጓደኞቼ ከኋላዬ ተሰልፈዋል። እጇን በቀሚሷ አበስ አደረገችና፣

"አንድ ነገር ልጠይቅህ? ያን ዕለት ለምን ተሳለምህ?" አለችኝ።

ልታፌዝ አልነበረም። ማወቅ ፈልጋ ነው። ያን ያህል ቀን የደከመችበትን ነገር ብዙ ሰው ጎበዝ ብሏታል፤ እንደ እኔ የሆነላት ግን የለም፤ ምክንያቱን ከአፌ ልትሰማ ነው የመጣችው። መልሱም ቅርብ ነበር፤ እውነት መስሎኝ ነው ማለት ብቻ ነው። ከኋላዬ አንዱ ሳቁን ሲያፍን ሰማሁት።

"ቀልዴን ነዋ" አልሁ። "እናንተን ላስቅ ብዬ።"

"ቀልድህን?"

"ታዲያ ምን መስሎሽ ኖሯል? ፕላስቲክ እኮ ነው።"

ጓደኞቼ በሳቅ ፈረሱ። "ይሄ ሌባ! እኛንም እኮ አታለለን" አለ አንዱ ጀርባዬን እየመታ። እሷ ውሃው ሲፈስ ጥቂት አየችና "እሺ" አለች። ቧንቧውን ዘጋችልኝና ሄደች።

በመስኮቱ አየኋት። ማፍረሱን ከጉልላቱ ጀመረች። ጡብ ሲላቀቅ ድምፁ ሲገጠም እንደሚሰማው አይደለም፤ እንደተሰበረ ጥፍር ጠቅ ይላል። ቀዩን ከቀዩ፣ ነጩን ከነጩ እየለየች ሣጥኑ ውስጥ ትመልሳለች፤ የከረሜላውን ወረቀት በጣቷ እያቃናች ለብቻ ታስቀምጣለች። ዳይሬክተሩ ገብተው "ምነው፣ አይነካም ስትሉ አልነበር?" ሲሏት፣ "ቀልዱን ነው ብሏል። የተሳለመው ሰው የለም" ስትል ሰማሁ። መቅደሱ ጋ ስትደርስ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ በነጠላዋ ከለለችው። ውስጡ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። በመጨረሻ የጥዱን ርጋፊ በእጇ ጠርጋ ወጣች።

ቅጽል ስሙ በዚያው ቀን ቀረልኝ። እንዲያውም ዝናዬ ጨመረ፤ ትምህርት ቤት ሙሉ ያታለለ ቀልደኛ ተባልሁ። ሣጥኑም የኛ ሆነ። አውቶብሱን ሠራሁት፤ በሩ ይከፈታል፣ ጎማው ይዞራል፣ ጣራው ላይ ሻንጣ ሳይቀር ተጭኗል። ልጆች ከበው ሲያዩት ደረቴ ተነፋ። ሣጥኑ በምን ዋጋ እንደደረሰኝ ጠፍቶብኝ አይደለም፤ ያም ሆኖ ተነፋ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ልጅቷን በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ስድብ ጠበቅሁ። ገባች። ተንበርክካ፣ ዐይኗን ከአውቶብሱ እኩል አድርጋ፣ በሩን በአንድ ጣቷ ከፈተችው፣ ዘጋችው።

"ሲከፈት እንዳይወልቅ እንዴት አደረግኸው?"

ነገርኋት።

"ጎበዝ" አለች። ጎበዝ ያለችው ጎበዝ ለማለት ነው፤ ሌላ ነገር አላዘለችበትም። "አባዬ ዛሬ ይመጣል። ያንን ሳያየው ቀረ። ይሄን ላሳየው?"

"ወደ ሉማሜ ሁለት ቦታ ቀርቷል፤ ቶሎ ተሳፈሩ" አልኋት። ፈገግ አለች።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ መጣ። እጅጌው ላይ ነጭ ክር ተጣብቋል። አውቶብሱን እንደ ልብስ ስፌት ከየአቅጣጫው አገላብጦ አየውና "እጅህ ይባረክ፣ ልጄ" አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ፣

"እሷም አንድ ሠርታ ነበር አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን። ሥራ ይዞኝ ሳላየው ፈረሰ። አንተ አይተኸዋል?"

"አዎ።"

"እንዴት ያለ ነበር?"

ልጅቷ ከአጠገቡ ቆማለች። የመጨረሻው ጡብ የመጀመሪያውን እንዴት እንዳገኘው፣ መስኮቶቹ ጠዋት እንዴት እንደሚበሩ፣ ኮፍያዬን እንዴት እንዳወለቅሁ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ቀልድ ፈለግሁ፤ ለወትሮው ሳልጠራው የሚመጣው ያን ዕለት የለም።

"ክብ ነበር" አልሁ።

"ታዲያስ! ቤተ ክርስቲያን ክብ ካልሆነ ምን ሊሆን ኖሯል?" ብሎ ልብስ ሰፊው ሳቀ። ራሴን ዳበስ አድርጎኝ ወጣ።

ልጅቷ አልሳቀችም። የቀረውን እንድናገር ቆማ ጠበቀችኝ፤ አባቷ ከደጅ ሆኖ እስኪጠራት ድረስ ጠበቀችኝ።