የሙዚቃ ገበያ ዘጋቢው ይታገሱ

ይታገሱ የተወለደው የባቡሩ መስመር በሚያልቅባት የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ነው። አያቱ ከአገር ቤት የባቡር ሠራተኛ ሆነው መጥተው እዚያው ቀሩ። እሱ ከልጅነቱ ከካሴት ሱቆች ደጃፍ አይጠፋም ነበር፤ ሲያድግም ለአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ የሙዚቃውን ንግድ መዘገብ ጀመረ። ዘፈን ማን ያሳትማል፣ ማን ያከፋፍላል፣ የዘፋኙ መብት የት ድረስ ነው፤ ሥራው ይህ ነበር። ሱቆቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ የእያንዳንዱን መዘጋት የጻፈ እሱ ብቻ ነው።

ሃምሳን ሲያልፍ ጆሮው ይከዳው ጀመር። መጀመሪያ የሴት ድምፅ ራቀው፣ ቀጥሎ ዑድ የሚባለው ባለ አውታር መሣሪያ። ሐኪሙ አይድንም አለው። ለአለቃው ሳይናገር የሰው ከንፈር እያየ መጠየቁንና መጻፉን ቀጠለ።

አንድ ረፋድ ሩዋይዳ የምትባል ወጣት የሠርግ ዘፋኝ ምኒልክ አደባባይ ካለ ካፌ ቀጠረችው። ውጭ አገር ያለ አሳታሚ ውል ልኮላት ነበር። አነበበና ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«አትፈርሚ። ያለ እነሱ ፈቃድ ሠርግ ላይ እንኳ መዝፈን አትችዪም።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ዘፈኑን ስማልኝ።» ስልኳን ወደ ጆሮው አስጠጋች። ይታገሱ እንደሚሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እሷ ግን ዓይኖቹን አየቻቸው።

«አልሰማኸውም» አለች ቀስ ብላ። «ብትሰማው ኖሮ ፈርሚ ትለኝ ነበር።»

ፈረመች። አሳታሚው ዘፈኖቹን ወስዶ ሳያወጣቸው ቀረ፤ ሠርግ ስትጠራም ውሉ ከለከላት። ይታገሱ በፈቃዷ ታሪኳን ጻፈው። ከጻፈው ሁሉ እንደዚያ የተነበበለት የለም። አሳታሚው ግን መልስ እንኳ አልሰጠም።

በመጨረሻ ሩዋይዳ ድሬዳዋ ሄዳ በአክስቷ ሱቅ ልትሠራ ቆረጠች። ልትሰናበተው ቤቱ መጣች።

«ያን ቀን ክፉ ተናገርኩህ ጋሼ።»

«እውነትሽን ነው። አልሰማሁትም።»

«ስለ ውሉ ግን ልክ ነበርክ።»

«ልክ መሆኔ ምን ጠቀመሽ?»

በሩን ዘጋችና ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ዘፈነችለት። ዜማው አልደረሰውም። ቃሉን ከከንፈሯ ለቀመው፤ ለሞተች እናቷ የተዘፈነ ነበር። እንባውን ሳይጠርግ እስክትጨርስ አያት።

እሷ በሄደች ሰሞን ለአለቃው ስለ ጆሮው ነገረው። አለቃው ከልቡ አዘነ፤ አምዱ ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ሩዋይዳ አልፎ አልፎ መልእክት ትጽፍለታለች፤ ስለ ገበያው፣ ስለ አክስቷ ጤና። ዘፈን አታነሳም። እሱም አይጠይቃትም።