ሞላና ያልቆሙበት ቀብር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል። ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ውስጥ ተቀጥሬ የምንከባከባቸው ሽማግሌ በአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለዓመታት የተቀመጡ ዳኛ ነበሩ። እዚያ ዳኛ “ሞላና” ነው የሚባለው፤ እኔም እንደዚያው እጠራቸው ነበር።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከባልደረቦቻቸው ጋር የተነሡት ፎቶ ተሰቅሏል፤ አሥራ አንድ ዳኞች፣ ሁሉም ኮስታራ። ከመካከላቸው አንዱ በሞተ ቁጥር ፎቶውን አስወርደው ከጀርባው የሟቹን ዕድሜ ያስጽፉኛል፤ ዓይናቸው ደክሟላ። ስልሳ ሦስት፣ ሰባ፣ ሰማንያ ስምንት። አባቴ ወሎ ውስጥ በዚያ ሁሉ ፀሐይ እያረሱ ሲኖሩ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚፈርድ ሰው ለምን መቶ እንደማይሞላ አይገባኝም ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

“ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እኛን የሚገድለን መቀመጡ ነው” ብለው ሳቁ።

ዕድሜያቸው ያልተጻፈ ሁለት ብቻ ቀርተው ነበር፤ ራሳቸው ሞላናና ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ከተማ የሚኖሩት ጓደኛቸው። በየቀኑ በስልክ “ታላቁ አንተ ነህ፣ ቅደም!” እየተባባሉ ይነታረካሉ። ከቀልዱ ሥር ግን የምር ቃል ነበራቸው፤ የቀረው የሄደውን በገዛ እጁ አፈር ሊያለብስ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ውጭ አገር ያለችው የሞላና ልጅ በእኔ ስልክ ደወለች። የባሕሪው ሰው ሞተዋል፤ ቀብሩ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። “ቀስ ብለሽ ንገሪያቸውና አልብሻቸው። ሾፌር እልካለሁ፤ አብረሻቸው ሂጂ” አለችኝ።

ዓርብ ከሰዓት የእኔ እረፍት ነው። ያን ቀን ደግሞ የቀዬዬ ልጅ ጀሪፍ ሰፈር ልትዳር ነበር፤ ወር ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ሠርግ። አፌ ከልቤ ቀደመ።

“መዳም፣ ዛሬ አሟቸዋል። ሲያዞራቸው ነው ያደረው፤ አይችሉም። ወላሂ!”

ሞላና በሚቀጥለው ክፍል ሻይ በወተታቸውን እየጠጡ ያንጎራጉሩ ነበር። ስልካቸውን “ቻርጅ ላድርገው” ብዬ ወሰድኩና አጠፋሁት። በቀብሩ ሰዓት ምሳቸውን አበላኋቸው። ሲተኙ ወጣሁ፤ ሠርጉ ላይ እጄን ሂና ተቀባሁ፣ ጨፈርኩም። ረስቼው አይደለም፣ እያወቅኩ ነው የጨፈርኩት።

ጀምበር ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ ስመለስ ልጃቸው እንደገና በእኔው ስልክ ደውላ ራሷ ነገረቻቸው። “እኔ’ኮ ደህና ነበርኩ” አሏት። ስልኩን መለሱልኝና፣ “ስለ ልቤ ፈርተሽ ነው፣ አይደል?” አሉኝ።

“አዎ፣ ሞላና” አልኩ። መልሱን እንኳ ራሳቸው ነበሩ የሰጡኝ።

በማግስቱ ባሕሪ ለልቅሶ ሄድን። ሞላና በር ላይ ለተቀበሉን ሁሉ፣ “ይቺ ልጅ ለእኔ አዝና ነው የደበቀችኝ፤ ማንም እንዳይወቅሳት” አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሸታም ሲለዩ የኖሩ ሰው ለእኔ ጠበቃ ሆኑ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወሬው ሴቶቹ ዘንድ ቀድሞኝ ደርሶ ስገባ መረቁኝ። የሟቹ ባለቤት “ባረከላህ ፊኪ፣ ልጄ” እያሉ ሁለት እጄን ያዙ። የትናንቱ ሂና ገና ጥቁር ነበር።

መዳፌን አገላብጠው አዩት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ከዚያ የነጠላዬን ጫፍ ስበው እጄን ሸፈኑልኝና ከኋላዬ ወዳለችው ሴት ዞሩ።